ያውቁ ኖሯል? የእንጨት ጀልባ፣ የአውሮፕላን ሞተርና የጣና ደንገል

(ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በዋድላ ሜዳ አሻግረው ወደ መቅደላ ከማስጎተታቸው በፊት፣ በ1866 ጣና ላይ በመንኮራኩር የሚሄድ ጀልባ አሠርተው እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የመጣው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በ1868 ባሳተመው መጽሐፉ ጉዳዩን ተርኮታል። የጀልባው ገላ ደንገል፣ ወለሉ እንጨት ነበር። በመቅዘፊያ ፋንታ ደግሞ ሰው በእጁ የሚያዞራቸው መንኮራኩሮች ተገጠሙለት። በዚያ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዞች ላይ ይመላለሱ ከነበሩት የእንፋሎት መርከቦች የሚለየው በዋነኛነት ቦይለርና ሞተር ስላልነበረው ነው። የኢትዮጵያ ሞተር ጀልባ ታሪክ ቢጻፍ የመጀመሪያው ገጽ ለዚህ ጀልባ ይገባዋል ባይ ነኝ። መድፉን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሐውልትም ቆሞለታል። ጀልባው ግን እስከ ዛሬ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው።

መድፉ ያለፈበት የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ኮን ራሷ ሐይቅ የላትም። ነገር ግን ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ ቁልቁል ወርዶ 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ሲገታ፣ ጀልባ የሚሻገረው ሰፊ ሐይቅ ሠርቷል። ከኮን በጋሸና ወጥቶ በደብረ ታቦርና በወረታ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ጣና ይደርሳል።

ውኃው ላይ የሚንሸራተት ፈጣን ጀልባ ሐሳብ ካመነጩት ቀደምት ሰዎች አንዱ የገጠር ቄስ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? የእንግሊዙ ቄስ ራመስ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለአገራቸው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የመርከቡ ሆድ ለስላሳና ቀጥ ያለ ከሚሆን እንደ ደረጃ ተከፍሎ ቢሠራ፣ ፍጥነት ሲጨምር ውኃውን ከመሰንጠቅ ይልቅ ከፍ ብሎ ላዩ ላይ ይንሸራተታል አሉ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው የመርከብ መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ ሐሳቡን በሞዴል ፈተነው። ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም፤ ጊዜውን ቀድሞ መጣ እንጂ። የዚያን ጊዜው የእንፋሎት ሞተር እጅግ ከባድ ስለነበር መርከቡን ከውኃው ሊያነሣው አልቻለም። ቀላልና ጉልበተኛ የቤንዚን ሞተር እስኪመጣ ድረስ ሐሳቡ ሠላሳ ዓመት ያህል ጠበቀ።

ከዚያም የሚበልጥ ጉልበት የመጣው ከሰማይ ነው። አሜሪካ በ1917 ለጦር አውሮፕላን የነደፈችው ባለ 12 ሲሊንደር ሊበርቲ ሞተር ከ20,000 በላይ ተመረተ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በየመጋዘኑ የተከመረው ትርፍ በርካሽ ተቸበቸበ፣ የጀልባ ተወዳዳሪዎችም ተሻሙበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ታሪኩ ተደገመ፤ የተዋጊ አውሮፕላኖቹ የሮልስ ሮይስ መርሊንና የአሊሰን ሞተሮች እንጨት ጀልባ ውስጥ ገቡ። የጀልባ አናጢዎች በጣውላ አጥንትና በነሐስ ብሎን ያንን ሁሉ ጉልበት መሸከም ነበረባቸው።

በ1932 አሜሪካዊው ጋር ዉድ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያለፈባት ሚስ አሜሪካ 10ኛ ከማሆጋኒ እንጨት የተሠራች ነበረች። አራት የፓካርድ ሞተሮች፣ በድምሩ 6,400 የፈረስ ጉልበት ተሸክማለች። ርዝመቷ 11 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነበር።

የጣና የደንገል ታንኳና የማሆጋኒ እሽቅድምድም ጀልባ አንድ ጠላት እንዳላቸው ያውቁ ኖሯል? ውኃ ራሱ ነው። ታንኳ ሥራዋን ስትጨርስ ወደ ዳር ተጎትታ እንድትደርቅ ትቆማለች፤ ያለዚያ ደንገሉ ውኃ ይጠጣና ትከብዳለች፣ ከጊዜ በኋላም ትበሰብሳለች። የውድድር ጀልባም እንዲሁ ከውድድር በኋላ ተነሥታ በደረቅ ትቀመጣለች፤ እንጨቱ የጠጣው ውኃ ሁሉ ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ ፍጥነት ይበላል። ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ መድረቁም አይበጅም። በድሮው አሠራር የተያያዙ የሆድ ጣውላዎች ለብዙ ወራት ከደረቁ ይኮማተሩና በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ አሮጌ ጀልባ የሚያድስ ሰው መጀመሪያ ውኃ ላይ ሲያወርዳት በደህና ገመድ አስሮ፣ ውኃ መምጠጫ ፓምፕ አጠገቧ አቁሞ ይጠብቃል። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ በራሱ ይዘጋል።

እንጨት የሚያብጠው ወደ ጎኑ ነው፤ በርዝመቱ የሚጨምረው ከቁጥር አይገባም። የአንድን ጣውላ አቅጣጫ ያላስተዋለ አናጢ ጀልባዋን ውኃ ራሱ እንዲሰነጥቃት ይተዋታል።

አሮጌ የእንጨት ጀልባን አብዝቶ የሚያበሰብሳት የሐይቁ ውኃ ሳይሆን ከላይ የሚወርደው ዝናብ መሆኑንስ? የእንጨት አበስባሽ ሻጋታ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው እንጨትና አየር ይፈልጋል። ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የተዘፈቀ እንጨት አየር ስለሚያጣ ብዙ ይቆያል። ከላይ በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ ከአጥንቶቹ ሥር የሚተኛው የዝናብ ውኃ ግን ሁለቱንም ስለሚያሟላ እንጨቱን ቀስ እያለ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጠጋኙ መጀመሪያ የሚመረምረው የሚያብረቀርቀውን ጎን አይደለም፤ በወስፌ እየወጋ ማዕዘን ማዕዘኑን ይፈትሻል። ወስፌው ያለ ችግር ዘልቆ ከገባ እዚያ ያለው እንጨት አልቋል።

ላስታ ውስጥ የዚህ ሁሉ ማስረጃ ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨትና ነጭ የተለሰነ ድንጋይ ተራ በተራ እየተደረበ የተሠራው ሰፊ ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው ዝናቡን ስለከለከለለት ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን በፊት የተጠረበው እንጨት ዛሬም ቅርጹን እንደያዘ ይታያል። የአካባቢው ትውፊት ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ሕንጻው የቆመው ውኃ ያዘለ ረግረግ ላይ እንጨትና አፈር ተነጥፎ ነው ይባላል። ታንኳን ከይምርሐነ ክርስቶስ ጋር አንድ አምድ ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። ከላይ ዝናብ የማይነካው፣ ከሥሩ ግን ውኃ እንዳለ የሚነገርለት የእንጨት ሥራ ከዚህ ሌላ የት አለ?

ፀሐይም የራሷ ድርሻ አላት። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቫርኒሽን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ባሕር ዳርቻ ለዓመት የሚበቃ ቫርኒሽ ዋድላ አፋፍ ላይ ቢሆን ቶሎ ይላጥ ነበር። የማሆጋኒ ጀልባ አሥርና ከዚያም በላይ ጊዜ ቫርኒሽ የምትቀባው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ንብርብር እንጨቱን ከጨረር ይከልላል። በየመካከሉም በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ይህን ሥራ የሚያቻኩል ሰው ውሎ አድሮ ሁሉንም ፍቆ እንደገና ይጀምራል።

ሞተርስ? ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር እዚያ ከጉልበቱ አምስተኛ የሚሆነውን ያጣል። ኮን ከፍታ ላይ ደግሞ ጉድለቱ ከዚህም ይበልጣል። መርሊንና አሊሰን ግን አየርን እየጨመቀ የሚያጎርሳቸው ሱፐርቻርጀር ነበራቸው፤ የተነደፉትም አየሩ ለሳሳበት ሰማይ ነበር። እነዚህ ሞተሮች ከተገጠሙላቸው ጀልባዎች አንዷ ጣና ላይ ብትወርድ ከፍታው ከተራው ሞተር ያነሰ ይጎዳት ነበር።

ሮልስ ሮይስ «አር» በሚል ስያሜ የሠራው 37 ሊትር ያህል ሞተር በ1930ዎቹ የአየርን፣ የየብስንና የውኃን የፍጥነት ክብረ ወሰኖች ሁሉ ይዞ ነበር። በዚሁ ሞተር የምትነዳው ሚስ ኢንግላንድ 2ኛ ሰኔ 13 ቀን 1930 በእንግሊዙ ዊንደርሚር ሐይቅ ላይ ክብረ ወሰን ሰብራ ወዲያውኑ ተገለበጠች። ሹፌሩ ሰር ሄንሪ ሲግሬቭ ሞተ። ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ግንድ ሆዷን ሳይመታት እንዳልቀረ ይታመናል። ጀልባዋ ግን ከሐይቁ ወጥታ ተጠገነች፤ በዓመቱ አርጀንቲና ፓራና ወንዝ ላይ በሰዓት 166 ኪሎ ሜትር በመሮጥ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። እድሳት ማለት ሁልጊዜ ለሙዚየም ማዘጋጀት ማለት እንዳልሆነ ከዚህች ጀልባ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ሆድ ልግባ።

አንድ ሰው አሮጌ የውድድር ጀልባ ገዝቶ የበሰበሰውን ጣውላ ወዲያው ቢነቅል ጀልባዋን ሊያጣት እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የእነዚህ ጀልባዎች ዋጋ በማሆጋኒው ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ማሆጋኒ ሌላም ይገዛል። የማይገዛው ቅርጹ ነው። የሆዷ መስመር ከኋላ በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ታች ከጎበጠ አፍንጫዋን ውኃ ውስጥ ይቀብራታል። ወደ ላይ ከጎበጠ ደግሞ ስትሮጥ አፍንጫዋ እየዘለለ ይወድቃል፣ ሹፌሩም መቆጣጠር ያቅተዋል። ጀልባዋ ለአሥርት ዓመታት በማይመጥናት መደገፊያ ላይ ተቀምጣ ከሆነ ደግሞ የጀርባዋ ግንድ ራሱ ተጣሟል። ጣውላው ከተነቀለ በኋላ አጥንቶቹ ይላላሉ፣ የድሮው መስመርም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው አናጢ አስቀድሞ ጀልባዋን በትክክለኛ መደገፊያ ያስተካክላል፣ ከውስጥ በማገር ይወጥራታል፣ ክር ዘርግቶ በየርቀቱ ይለካል፣ ፎቶ ያነሣል። የነቀለውን እያንዳንዱን ጣውላ ቁጥር ይሰጠዋል። የበሰበሰውንም አይጥለውም፤ ለአዲሱ ልክ የሚወሰደው ከእሱ ነው።

ትንሿ ዝርዝርም ትናገራለች። በዱሮው የውድድር ጀልባ ሆድ በሁለት ንብርብር ጣውላ መካከል ዘይት ወይም የእርሳስ ቀለም የጠጣ ጨርቅ ይነጠፍ ነበር። ዛሬ ብዙዎች በጨርቁ ፋንታ ጠንካራ ኮላ ይጠቀማሉ። ጀልባዋ ውኃ አታስገባም፣ እንድታብጥም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ግን በድሮው አሠራር እንጨቱ እርስ በርሱ የነበረው መጠነኛ መንሸራተት ይቀራል። ይህን የሚቃወሙም የሚደግፉም አሉ። እኔ ከሚጠነቀቁት ጋር ነኝ፤ ለሩጫ የምትወጣ ጀልባ በኮላ ትያያዝ፣ ነገር ግን አሮጌው አሠራር በትክክል ሳይመዘገብ መነካት የለበትም። የእርሳስ ቀለሙ አቧራ መርዛማ ስለሆነም ያለ ማስክ የሚፍቀው ሰው ጤናውን ይጎዳል።

ያልገባህን ክፍል አትንቀል የሚለውን ትምህርት ዓለም በውድ ዋጋ የተማረው በጣና ደንገል መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 ጥንታዊ ግብጻውያን አትላንቲክን ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት 12 ቶን ደንገል ከጣና አስጭኖ ወሰደ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎችም ጊዛ ላይ ከፒራሚዶቹ ሥር «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩ። በጥንቱ የግብጽ ሥዕል ላይ ከጀልባው ከታጠፈ ጅራት ወደ ወለሉ የተወጠረ አንድ ገመድ ይታያል። ጌጥ ወይም ቅርጹን የሚይዝ ብቻ መሰላቸውና ቸል አሉት። ባሕር ላይ ከወጡ በኋላ ግን ኋላዋ እየሰመጠ ሄደ። ያ ገመድ እንደ ስፕሪንግ ሆኖ ጅራቱን ሽቅብ የሚይዝ፣ ማዕበሉንም የሚያስችል ኖሯል። ራ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዛ፣ ካሪቢያን ደሴቶች ጋር ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተተወች። በ1970 ራ 2ኛ እንደገና ከኢትዮጵያ ደንገል ተሠራች፤ ሠሪዎቹ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ተወላጆች ነበሩ። በ57 ቀን ከሞሮኮ ባርባዶስ ደረሰች። ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ትታያለች።

ጣና ዳር ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገልን አስሮ የመጨረስ ጥበብ አላቸው፤ ታንኳዋም ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ስትጭን ኖራለች። የነሱ እጅ የያዘውን ዕውቀት ማን ለክቶ፣ ማን ፎቶ አንሥቶ፣ ማን መዝግቦ አስቀምጦታል? በሐይቁ ዙሪያ ደንገሉ እየተመናመነ ነው። ይህን ጉዳይ ከዓለም ውድ ጀልባዎች እድሳት ያነሰ አድርገን የምናይበት ምክንያት የለም።

ላሊበላም ያንኑ ትምህርት ከፍሎበታል። በ1950ዎቹ የዝናቡን ውኃ ለመከልከል ተብሎ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሬንጅ ተለቅልቀው ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። አስቡት፦ የማይተነፍስ ነገር በሚተነፍስ ድንጋይ ላይ! በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራ ቡድን ሬንጁን በእጅ እየፋቀ አስወገደው። ሥራውን የረዳው ድርጅት ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው ነው። የጀልባ ሠሪዎች ክርክርም ከዚህ አይለይም፤ የእንጨትን ቀዳዳ ሁሉ መድፈን ውኃን ከውጭ ይከላከላል፣ ውስጥ የቀረውን እርጥበት ግን ያፍነዋል።

የአሮጌ ነገር ጠባቂዎች እርስ በርስ የሚጣሉበትም አለ። የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰባሪው ዶናልድ ካምቤል ጥር 4 ቀን 1967 ኮኒስተን ሐይቅ ላይ የሞተባት ብሉበርድ ኬ 7 በ2001 ከሐይቁ ወጣች። እሷ የብረት ጀልባ ናት። እንደተሰበረች ትቀመጥ ወይስ ትታደስ የሚለው ክርክር ከባድ ነበር። ከእድሳት ይልቅ እንዳለች ትጠበቅ ባለ የቅርስ ፈንድ ድጋፍ ሳይሆን በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ታደሰች፤ በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ፋድ ላይ እንደገና ሮጠች። የአባቱ የሰር ማልኮም ካምቤል ብሉበርድ ኬ 4 ግን እንጨት ነበረች፤ በ1939 እዚያው ኮኒስተን ላይ በሰዓት 228 ኪሎ ሜትር ሮጣ ነበር።

የሷን ወሰን በ1950 የሰበረችው የሲያትሏ ስሎ ሞ ሹን 4ኛ ናት፤ በሰዓት 258 ኪሎ ሜትር። በዚያ ፍጥነት ውኃውን የሚነኩት ከፊት ሁለት የጎን መንሸራተቻዎች፣ ከኋላ ደግሞ የፕሮፔለሩ ግማሽ ብቻ ናቸው። ዛሬ በሲያትል የታሪክና የኢንዱስትሪ ሙዚየም ጣሪያ ላይ ተሰቅላለች።

በ1953 ጥር ላይ ጣሊያናዊው አኪሌ ካስቶልዲ የፌራሪ ሞተር በገጠመላት አርኖ 11ኛ፣ ኢዜኦ ሐይቅ ላይ በ800 ኪሎ ግራም ክፍል በአማካይ 241.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሮጧል። ይህች ቀይ የእንጨት ጀልባ በ2012 ሞናኮ ላይ በጨረታ ተሸጣለች።

ለአናጢዎቻችን ደግሞ ይህችን ልጨምር። የጀልባ አጥንት ለማጠፍ እንጨቱን በእንፋሎት ሳጥን ውስጥ መቀቀል የተለመደ ነው፤ መለኪያውም ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከሳጥኑ ከወጣ በኋላ የሚታጠፍበት ጊዜ ግን በጣም አጭር ነው፤ ስለዚህ ሞርሳዎች ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ። በኦክ እንጨት ላይ የብረት ብሎን መምታትም አይመከርም፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ብሎኑንም ይበላዋል። ለዚያ ነው ነሐስ የሚመረጠው።

ዛሬም በውኃ ላይ ያልተሰበረው የዓለም የፍጥነት ክብረ ወሰን ከእንጨት በተሠራ ጀልባ የተያዘ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? አውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ «ስፒሪት ኦፍ አውስትራሊያ»ን የሠራት በሲድኒ ከተማ በመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ነው። ገላዋ እንጨት፣ ኮምፔርሳቶና ፋይበር ግላስ ሲሆን ጀርባዋ ላይ ከጦር ኃይል ትርፍ የተገዛ የጄት ሞተር ተጭኗል። ጥቅምት 8 ቀን 1978 ብሎዌሪንግ በተባለው ግድብ ሐይቅ ላይ በሰዓት 511 ኪሎ ሜትር ሮጠች። አሁን ሲድኒ በሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የባሕር ሙዚየም ትታያለች።